«እኔ ምን አውቃለሁ» ያለችው ሰዒዳ

መቱ ላይ ሰዒዳን የማያውቅ ሽማግሌ ቢኖር ገና በእግሩ የሚሄድ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ሁሩሙ አጠገብ ከሰፈሩት ሰዎች ልጅ ናት። በከተማው የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ አልጋ ላይ ከቀሩት ውስጥ ያላገላበጠችው፣ ያላጠበችው፣ ያላጎረሰችው የለም። ደሞዝ የሚባል ግን አልነበራትም። ምሳዋን እዚያው ትበላለች፣ ለበዓል መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ካዋጡት ይደርሳታል።

ከሁሉ የምትሳሳው ለጋሼ ደበሳ ነበር። ጎሬ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቡና ጆንያ ሲሸከሙ ኖረው ግማሽ ጎናቸው የሞተ፣ ዘመድ የሌላቸው ሰው ናቸው። ማንኪያ አይወዱም። ሰዒዳ እጇን ታጥባ አጠገባቸው ትቀመጥና እንጀራውን በሽሮ እየጠቀለለች ታጎርሳቸዋለች። «ሰዒዳ ኮ» ይሏታል፣ ሰዒዳዬ ማለታቸው ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና በአንድ ትታቸው ተነስታ አታውቅም።

በ2015 መንግሥት ለመጦሪያው በጀት መደበ። ደግ ነገር ነው፣ ማን ይጠላል? ግን ከሥልጠና ጋር የመጣ በጀት ነው። ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት የያዘ ይቀጠራል፣ ያልያዘ አረጋውያኑ ክፍል ድርሽ አይልም። ሰዒዳም ሻሿን አስተካክላ ለምዝገባ ተሰለፈች። መዝጋቢዋ ልጅ ቀና እንኳ ሳትል፣ «በሥራው ምን ችሎታና ልምድ አለሽ?» አለቻት።

እንግዲህ እናቷ በወግ ያሳደገቻት ሴት በገዛ አፏ «አዋቂ ነኝ» አትልም። «ኧረ እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አላህ ያግዘኛል እንጂ» አለች። በእኛ አገር ለእንዲህ ያለ ሰው «ኧረ ተይ፣ አንቺ ካላወቅሽ ማን ሊያውቅ» ብሎ መመለስ ያባት ነው። ልጅቷ ግን «የለም» ብላ ጻፈችና «ቀጣይ!» አለች። ትሕትና ያስከብራል ይሉናል፤ ፎርም ፊት ግን ከበር ያስቀራል።

ከሥልጠናው ቀረች። ቀረች ሲባል ደግሞ፣ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ «እስቲ በሽተኛ እንዴት እንደሚነሳ አሳዪአቸው» እየተባለች ስታሳይ ከረመች። ወረቀቱ ሲታደልም አብራ አጨበጨበች። በማግስቱ ዘበኛው እያፈረ መለሳት።

ጋሼ ደበሳን ኢሊሊ የምትባል ተመራቂ ተረከበች። ክፉ ልጅ አይደለችም። እንደተማረችው ጓንት አጥልቃ ማንኪያውን ስታቀርብላቸው ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ላኪ!» አሉ በኦሮምኛ፣ አይሆንም ማለታቸው ነው። ሰው እጁን በላስቲክ ሸፍኖ የሚያበላው የተጸየፈውን ነው ብለው ደምድመዋል። መዝገቡ ላይ በየቀኑ «ምግብ አይቀበሉም» ተብሎ ተጻፈ።

ሰዒዳ ይህን ከዘበኛው ስትሰማ በቀጥታ የመጦሪያው ኃላፊ ነመራ ቢሮ ገባች።

«አቶ ነመራ፣ ላጉርሳቸውና ልውጣ። ደሞዝ አልጠየቅኩም።»

«እትዬ ሰዒዳ፣ መመሪያው አይፈቅድም። ደግሞ አላውቅም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«አውቃለሁ!» አለች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያ ጉራዋ ነበር። «ከሁላችሁም በላይ አውቃለሁ!»

«ፎርሙ እኮ ሄዷል» አላት።

ዘበኛው በመለሳት በዘጠነኛው ቀን ራሱ ነመራ ደወለላት። በጀቱ ምን እንደሠራ የሚያዩ እንግዶች ካሜራ ይዘው መጥተዋል፣ ጋሼ ደበሳ ደግሞ አፋቸውን ቆልፈዋል። እየሮጠች መጣች። የሠልጣኝ ነጭ ጋወን አለበሷት። እጇን ታጠበች፣ ጠቀለለች። «ሰዒዳ ኮ» አሉ፣ አፋቸውንም ከፈቱ። እንባቸው እየወረደ አላመጡ። ሁለተኛውን ስትጠቀልል ፎቶ አንሺው «በቃ፣ አግኝቼዋለሁ» አለ።

ነመራ ክንዷን ይዞ አስነሳት።

«አንዲት ብቻ፣ በአላህ! በአንድ አልተዋቸውም!»

«እናመሰግናለን፣ ጋወኑን ውጭ ያውልቁ» አላት። ጉርሻው እጇ ላይ እንዳለ በሩ ተዘጋ።

ፎቶው ዛሬም መጦሪያው በር ላይ አለ፣ ከሥሩ «የሠለጠኑ ባለሙያዎቻችን በሥራ ላይ» ይላል። ጋሼ ደበሳ ፎቶው በተነሳ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ቀብሩ ላይ ኢሊሊ ሰዒዳን ፈልጋ አገኘቻትና፣ ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ሲጠይቁ እንደነበር ነገረቻት።

«ሰዒዳ በአንድ ጉርሻ የተወችኝ፣ ምን አጥፍቼባት ነው?»