ሰብሳቢው ሽሮ ሲያማስል፦ ከነገሌ እስከ አሬሮ

ነገሌ፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ

«እኔ የመጣሁት ቤት ልሠራ እንጂ ልቀቅልላችሁ አይደለም!» ሰናይት የሽሮውን ከረጢት ግርማ እግር ሥር ወረወረችው።

«ማን ቤት አትሥሪ አለሽ? በምግብ በኩል ትሳተፊያለሽ። የሥራ ክፍፍል ነው።»

«መምህሩ ቅዳሜ መጥተው ምን ሠራሽ ሲሉኝ ድስት ላሳያቸው?»

«ማስታወሻም ትይዣለሽ» አለ ግርማ፣ እንደሚሾማት ሁሉ።

ሰናይት፣ ግርማና እኔ፣ ሦስታችንም የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ነን። ለተግባር ትምህርት ወደ አሬሮ መሄዳችን ነው። የታመመ ልጅ ታቅፈው ከሩቅ ወደ ጤና ጣቢያው የሚመጡ እናቶች የሚያርፉበት ቤት፣ በአገሬው እንጨትና በአገሬው ዘዴ፣ በገዛ እጃችን ልንሠራ። መምህራችን ሲሸኙን «እጁ ቤቱ ላይ ያላረፈ አያልፍም» ብለውናል። ሰናይት አምና ወባ አልጋ ላይ ጥሏት ይህንኑ ትምህርት ሳትጨርስ ቀርታለች፤ ዘንድሮ ከወደቀች ትባረራለች። ግርማ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ሰብሳቢያችን ነው፤ ዘመኑም የሰብሳቢ ነው።

የጭነት መኪናው ሾፌር ጋሽ ሽኩር አንገታቸውን በመስኮት ብቅ አደረጉ። «ልጆች፣ ወይ ተሳፍራችሁ ተጣሉ፣ ወይ እዚሁ ስትጣሉ ቅሩ። እኔ ፀሐይ ሳትበረታ ዳዋን መሻገር አለብኝ።»

ተሳፍረን ተጣላን።

መንገድ ላይ፣ ያኑ ዕለት

ቀይ አፈር። ግራር። እንደገና ግራር። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ፤ ግርማ አየት አድርጎ «ያለ ፕላን የተሠራ» አለ። መንገድ የማይለቁ ግመሎች፤ ጋሽ ሽኩር በጉራጊኛ ሲሰድቧቸው በትዕግሥት ያዳምጣሉ።

ኬላው ላይ ጠባቂው ከካርቶን የሠራናትን ትንሿን ቤት ወደ ብርሃን አንሥቶ በበሯ አጮለቀ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቤት ነው፣ ጓድ።»

«ማን ይገባበታል?»

«ሞዴል ነው። ትልቁ ገና ይሠራል።»

ጠባቂው አሰበ። «እንግዲያው ትልቁን ይዛችሁ ስታልፉ ታስፈትሻላችሁ።»

ከዳዋ ማዶ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቁን ከፍሎ ምግብ ቤት አድርጎታል። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም፣ የፍየል ጥብስ፣ ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት። ሰናይት ከሁሉም ቀመሰች። ግርማ ሆዴን እፈራለሁ ብሎ ብስኩት በላ።

አሬሮ፣ ረቡዕ

የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ ኤልያስ «ጌታ ይባርካችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለው ተቀበሉን። ጴንጤ ናቸው፤ አስተርጓሚያችንም እሳቸው ሆኑ። ግርማ ፕላኑን መሬት ላይ ዘርግቶ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫነበት። ወዲያው እንጨትና ሣር የተሸከሙ ሴቶች ግቢውን ሞሉት። መሪያቸው አዴ ሎኮ ድምፃቸው ከሩቅ ነው የሚሰማው።

«አካም! ናጋ?» ብለው ሰላምታ ሰጡንና ፕላኑን ተራምደውት አለፉ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ቤት ሠሪዋ የታለች ነው የሚሉት» አሉ አቶ ኤልያስ።

«እኔ ነኝ» አለ ግርማ።

ሲተረጎምላቸው ሴቶቹ ሳቁ። አንዷማ ሸክሟን እስክታወርድ ድረስ ሳቀች።

«ወንድሜ» አሉት አቶ ኤልያስ፣ «ቦረና ዘንድ ቤት መሥራት የሴት ሥራ ነው፤ ቤቱም የሴቷ ነው። አንተ እንጨት ስታጎብጥ ሲያዩ ‹ምስኪን፣ እናት የለውም? እህት የለውም?› ብለው ነው የሚያዝኑልህ።»

«አብዮቱ የሴት ሥራ የወንድ ሥራ የሚባል ነገር የለም ብሏል!»

«ትናንት ነገሌ አልገባም ነበር እንዴ?» አለች ሰናይት።

ግርማ እልህ ያዘውና አንድ እንጨት አነሣ። ሴቶቹ በሙሉ የያዙትን አስቀምጠው ተቀመጡ። እንጨቱን አስቀመጠ። ተነሡ። ደግሞ አነሣ። ተቀመጡ። አዴ ሎኮ ጭራሽ ጋደም ብለው ክንዳቸውን ተንተራሱ። በመጨረሻ ሰናይትን እጇን ይዘው ለምሰሶ ወደተቆፈሩት ጉድጓዶች ወሰዷት፤ ሥራውም ተጀመረ።

ሐሙስና ዓርብ፣ ጉልቻ አጠገብ

እኛ ወንዶቹ እናበስላለን። ግርማ ያማስላል፣ እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፣ ሁለታችንም እናለቅሳለን። ግጥም ማንም ሳያስተምረኝ የጀመርኩ ሰው ነኝና እንዲህ ወጣልኝ፦

ቤት ልሠራ መጥቼ ከሩቅ አገር ድረስ፣
ሽሮ እያማሰልኩ ዓይኔ በጭስ ይፍሰስ?

ሰናይት ለምሳ ስትመጣ አነበብኩላት። እጆቿን እሾህ ቧጭሯቸዋል፣ ጥፍሮቿ ሥር ልጥ ገብቷል፣ ፊቷ ግን ያበራል። «ግጥሙ ደህና ነው» አለች እየጎረሰች፣ «ሽሮው ጨው የለውም።»

ዓርብ ከሰዓት ግርማ ኮራ ማለቱን ተወ። «ሰናይት፣ እባክሽ ንገሪያቸው። አንዲት ማገር ብቻ ልሰር። እኔም እኮ ልወድቅ ነው።»

ሄዳ ጠየቀችለት። አዴ ሎኮ ከጣሪያው ሳይወርዱ መለሱ፤ አቶ ኤልያስ ሳቃቸውን ውጠው ተረጎሙ፦ «እናቱ ከመጣች ትሰርለት ብለዋል።»

ቅዳሜ

ጠዋት ቤቱ አለቀ፤ የጤና ጣቢያው አናጢም የቆርቆሮ በር ገጠመለት። አዴ ሎኮ ሰናይትን መሀል ቤት አቁመው በአቶ ኤልያስ በኩል «እናቶቹ እስኪገቡበት ያንቺ ነው፤ አንቺ ያላስገባሽው አይገባም» አሏት። መምህራችን ሲደርሱ ሰናይት በሩ ላይ ጠበቀቻቸው፣ «ይግቡ» አለች፣ ገቡ። ግርማ ፕላኑን ጠቅልሎ ተከተላቸው። ሴቶቹና አቶ ኤልያስ ቀድመው ውስጥ ናቸው፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ፤ ከዚያ ሆኜ ሁሉም ይታየኛል።

«ማን ሠራው?»

«በጋራ ነው፣ በእኔ ሰብሳቢነት» አለ ግርማ።

«እጅህን።»

ዘረጋ። መምህራችን ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «ሽንኩርት» አሉ። ወደ ሰናይት ዞሩ፤ የተቧጨሩትን መዳፎች አገላብጠው አዩና «አንቺ አልፈሻል» አሏት። ሰናይት ምሰሶውን ያዝ አደረገች።

ግርማ ግን ፕላኑን ዘረጋ። «ይቅርታ መምህር፣ ሐሳቡ የእኔ ነው! እዚህ ጋ ትልቅ መስኮት ነበረ፣ እነሱ ናቸው ያስቀሩት፣ እዚህ ጋ ደግሞ…»

አዴ ሎኮ ይህ ልጅ ምን ይጮኻል ብለው ጠየቁ። አቶ ኤልያስ ነገሯቸው። አዴ ሎኮ ዞረው ሰናይትን አዩ። ሴቶቹም በሙሉ ሰናይትን አዩ።

ሰናይት ምሰሶውን ለቀቀች።

«ግርማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ለመሆኑ ማን ግባ አለህ?»

ግርማ መምህሩን አየ፤ መምህሩ ጣሪያውን ያያሉ። እኔን አየኝ፤ ወደ ጎን ተጠጋሁለት። ፕላኑን በብብቱ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አዴ ሎኮ ከኋላው የቆርቆሮውን በር ሳቡና ጓ አድርገው ዘጉት።