ስቡ የወጣለት ወተትና የእትዬ ማርታ ቅቤ

የመጀመሪያ ቀን አቶ ወልዴ ያሳዩኝ ደወሉን ነው። «እጀታውን ስታዞር ደወሉ ከጮኸ ገና ነህ ማለት ነው። ዝም ሲል ወተቱን ልቀቅ። ገባህ?» አሉኝ። ገባኝ አልኩ። አልገባኝም ነበር። ሥራው ሲሰምር ዝም የሚል ማሽን ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

አቶ ወልዴ አባታቸው ከጉራጌ መጥተው ወላይታ ሶዶ የቀሩ ነጋዴ ናቸው፤ በወላይትኛ ከማንም አያንሱም። የክሬም መለያ ማሽኑን የገዙት በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ብዙም ሳይቆዩ ከተበተኑ ወጣቶች ነው። የሚያሠለጥነኝ ስላልነበረ እየፈታሁ እየገጠምኩ ተማርኩ። ሾጣጣ ሳህኖቹ በተራቸው ካልተደረደሩ፣ ወተቱም ለብ ካላለ፣ ስቡ በደንብ አይለይም። በአንዱ አፍ ክሬም ይወርዳል፣ በሌላው ስቡ የወጣለት ወተት። ክሬሙን ንጬ ቅቤ አደርገዋለሁ። ቅቤውን በኮባ ጠቅልዬ በቃጫ ሁለቴ ቋጥሬ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ እወትፈዋለሁ።

የቸገረኝ ወተቱን መሸጡ ነበር። ከተበላ ከተማ የመጣች አንዲት ሴት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና «ላም የታጠበበት ውኃ ነው?» አለችኝ። ስቡ ያልተነካውን ገዝታ ሄደች።

ሳያንገራግሩ የሚገዙኝ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጋሼ ዳና ነበሩ። ልባቸውን ታመው ሐኪም ስብ ያለው ወተት ከልክሏቸዋል። «ወተት ጨርሰህ ተው ቢለኝ ኖሮ የሚገድለኝ እሱ ነበር» ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ፔርሙስ ይዘው መጡና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ክፈተው።»

ከፈትኩት። ወተቱ ላይ ቢጫ የቅባት ዓይን ይንሳፈፋል።

«ሐኪሙ ደሜን መርምሮ ተቆጣኝ። በዚህ ከቀጠልክ ልብህ አይችልም አለኝ። አንተ ልጅ፣ ስሙን ብቻ ለይተህ ያንኑ ወተት ትሸጥልኛለህ?»

«ጋሼ፣ ከማሽኑ የወጣውን ነው የምሰጥዎት።»

«እንግዲያው ሌባው ማሽኑ ነዋ!»

አቶ ወልዴ አልተከላከሉልኝም። «አጣራ። እኚህ ሰው አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ከእኛ ወተት ይገዛል?» አሉ።

ማሽኑን ፈታሁ፤ ሳህኖቹ በተራቸው ናቸው። የተለየውን ወተት በብርጭቆ አሳደርኩት፤ ጠዋት ላዩ ላይ ምንም አልሰፈፈም። እንግዲህ ቢጫው ከየት መጣ? ፔርሙሱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል፤ ፔርሙስ ደግሞ የማይሸተው ነገር የለም ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ በመሀል ሌላ እጅ እንዳይገባ ወተቱን ራሴ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ በወላይትኛ ሰላምታ «ሳሮ፣ ግባ ልጄ» ብለው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ወተቱን ከሰል ላይ ጣዱት። ሲሞቅ ከመደርደሪያው የኮባ ጥቅል አወረዱ፣ በማንኪያ ቅቤ ጨለፉና ከተቱበት። ኮረሪማም ነሰነሱ።

ጥቅሉን አየሁት። ሁለቴ ተቋጥሯል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፏል። የኔ ቋጠሮ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ለማን ነው?»

«ለጋሼህ ነዋ።»

«ሐኪሙ ስብ ከልክሏቸው የለ?»

«የወተቱን ስብ ነው የከለከለው። እሱን እናንተ አወጣችሁት። ይሄ ቅቤ ነው።»

«ቅቤውም እኮ የወጣው ከዚያው ወተት ነው።»

ማንኪያውን እንደያዙ ቆሙ። «ታዲያ ያወጣችሁትን መልሳችሁ ለምን ትሸጡልኛላችሁ?»

ቋጠሮዬን መልሼ አየሁት።

ጋሼ ዳና ለካ በሩ ላይ ቆመው ይሰማሉ። «ማርታ! ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ነጭ ውኃ እያጠጣሁህ ብትሞት፣ ለቅሶ የመጣው ሁሉ ቅቤ ነፍጋ ገደለችው ይበለኝ?»

«እሱንስ አትስጊ። እየሰጠሽኝ ነው የምሞተው።»

ተቀመጡ። ወተቱ የተቀዳበትን ብርጭቆ አንስተው አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት። «ለልጁ ስጪው። አንተም ማሽኑን ይቅርታ ጠይቅልኝ።»

ጠጣሁት። ከማሽኑ ወጥቶ እንደዚያ የሚጣፍጥ ወተት ቀምሼ አላውቅም። ይህ ደግሞ የባሰ ግራ አጋባኝ።

ቅዳሜ እትዬ ማርታ ሱቅ መጥተው እንደወትሮው ቅቤ ጠየቁ። አቶ ወልዴን አየኋቸው። እሳቸው ጣራውን ያያሉ።

«ለፀጉሬ ነው» አሉ እትዬ ማርታ፣ ሻሻቸውን እየነኩ።

ልንከለክላቸው ነው? ልንሸጥላቸው ነው? ጠቅልዬ ቋጠርኩላቸው። ከዚያ በኋላ ደወሉ ዝም ባለ ቁጥር የማስበው ያን ቋጠሮ ነበር።

ጋሼ ዳና እንደገና ሐኪም ዘንድ ደርሰው በዚያው ወደ ሱቁ ጎራ አሉ። ፊታቸውን አይቼ ምንም መለየት አቃተኝ።

«ዛሬ አልተቆጣኝም» አሉ። «ግን ማርታን ምከርልኝ። ትራሱ ሁሉ ቅቤ ሆኗል።»

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህ ነው፦ ስቡ የወጣለትን ወተት ስትሸጡ፣ ቅቤውን ማን እንደሚገዛ እዩ።