ለስንቅ የነደደው ግንድ

ጎብዬ፣ ጠዋት

ከቤት የወጣሁት በሬ ላመጣ ነው። ሐምሌ ከገባ ሰንብቷል፤ ሰማዩ ግን አሁንም እንደ ግንቦት ነጭ ነበር። ወንድሜ ሙሄ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ እግሩ ስለተሰበረ፣ ጄሶውን ዘርግቶ በር ላይ እንደተቀመጠ ነው የላከኝ።

“ዝናብ የለ፣ ጎርፍ የለ። አክስቴ ሐዋ ዘንድሮ አታርስም” አለኝ። “በሬያችን እዚያ ከስቶ ከሚሞት ይሸጥ። ዋጃ ድረስ ብቻ ንጂው፤ እዚያ አንድ የማውቀው ነጋዴ ይቀበልሻል።”

“እሷስ ምን ትሁን?”

“እኛስ ምን እንሁን?” አለና ጄሶውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

በሬው ቡሬ ይባላል። እናታችን ስትሞት የቀረልን እሱ ነው። ጎብዬ ላይ እርሻ ስለሌለን፣ ከዋጃ ወዲያ ብቻዋን ለምትኖረው ለእናታችን እህት እንድታርስበት ሰጠናት። አክስቴ ሐዋ ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅ የላትም። የራሷን አንድ በሬ ከቡሬ ጋር አቀናጅታ ታርሳለች። ቡሬ ከሄደ በአንድ በሬ ምንም አይታረስም። ይህን እያወቅሁ ሻሼን አስሬ ወጣሁ። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እንኳ መምህሩ ሲጠይቁኝ መልሱን እያወቅሁ ዝም እል ነበር። ለሙሄም ዝም አልኩት።

ቆቦ፣ ረፋድ

የጎብዬው ሚኒባስ ከአቅሙ በላይ ጫነ። ረዳቱ ሃምሳ ብሬን ተቀብሎ፣ “እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ! አንቺ ቀጭን ነሽ፣ በአንቺ ቦታ ሁለት ሰው ይሄዳል” ሲል ሁሉም ሳቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከጎኔ ማንጎ በዘንቢል የያዙ እናት ነበሩ።

“ወዴት ነሽ የኔ ልጅ?”

“ዋጃ… አክስቴ ጋ።”

“ዘመድ ጥየቃ ነው?”

“አዎ” አልኩ።

“ተባረኪ! ዘንድሮ እንዲህ ያለ ልጅ የለም” አሉና ሁለት ማንጎ ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። “ለአክስትሽ። ‘ከማታውቂው ሰው ነው’ በያት።” እምቢ ማለትም እውነቱን መናገርም አቃተኝ። ማንጎዎቹ እስከ ቆቦ ድረስ ከበዱኝ።

ቆቦ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ወደ ሰው ፊት ይመለሳል። ባጃጆቹ ጥላ ፍለጋ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። ቲማቲምና ሽንኩርት የዘረጉት ሴቶች እርጥብ ጆንያ ጣል አድርገውበታል። ባዶ እጄን ላለመሄድ አንድ ኪሎ ስኳር ገዛሁ። በሬዋን ልወስድባት ስኳር ይዤላት ልሄድ! ባለሱቁ ሲቋጥርልኝ አሳብ ገብቶኝ ቆሜ ስቀር፣ “ሌላስ?” አለኝ ሁለት ጊዜ።

ከዋጃ ወደ እርሻው

ዋጃ ወርጄ ከአስፋልቱ በስተ ምሥራቅ በእግሬ ገባሁ። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ነፋሱ አቧራውን እያሾረ እንደ ምሰሶ ያቆመዋል። ጨው ይሁን እህል ያላወቅሁትን የጫኑ ግመሎች አለፉኝ፤ ነጂያቸው በእጁ ሰላም አለኝና ሳልመልስለት ራቀ።

ወደ አክስቴ መንደር ስቃረብ ሰዎች ከደረቅ ቦይ ውስጥ አፈር ሲያወጡ አገኘሁ። እዚያ አገር ቆላው ላይ ባይዘንብም፣ በስተ ምዕራብ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ በአሸዋማው ወንዝ ይወርዳል። ገበሬው ከወንዙ ጠልፎ ሁሉም ወደሚጋራው ቦይ ያስገባዋል። ከዚያ እያንዳንዱ በማሳው ፊት ቦዩን በግንድና በእሾህ፣ በድንጋይና በአፈር ይዘጋል፤ ውሃው ከፍ ብሎ ማሳው ውስጥ ይገባል። ማሳው ሲጠጣ ግድቡ ይፈርስና ውሃው ለቀጣዩ ያልፋል። ዘንድሮ ግን ጎርፍ የሚባል አልመጣም ነበር። ሰዎቹ ደረቅ ቦይ ነው የሚጠርጉት።

“ማን ናት ይቺ?” አሉ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው፣ አካፋቸውን ተደግፈው።

“የሐዋ… የእህቷ ልጅ ነኝ።”

“አንቺ ሐዋ! ረዳት መጣልሽ!” ብለው ጮኹ። በኋላ እንደሰማሁት ስማቸው ጋሽ ረዳ ነው፤ የውሃ አባት ናቸው፤ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው።

አክስቴ ከቦዩ ውስጥ ብቅ አለች። ፊቷ ሁሉ አቧራ ነው። “ያ ረቢ! ዘይነብ? ለቦዩ ብለሽ መጣሽልኝ?” ብላ አቀፈችኝ። “አየህ ረዳ? ‘ብቻዬን እንዴት እዘጋዋለሁ’ ብዬ ዱዓ ሳደርግ ነበር። ይኸው፣ ላከልኝ!”

ሁሉም “አብሽሪ፣ እንኳን ደስ አለሽ” አሏት። እኔም ሳላስተባብል አካፋ ያዝኩ። ማንጎዎቹንና ስኳሩን ማታ ቤት ስንገባ ሰጠኋት።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት በማሳዋ ፊት ግድቡን ሠራን። አክስቴ ከሩቅ ጎትታ ያመጣቻቸው ሁለት ደረቅ የግራር ግንዶች ነበሯት። ቦዩ ላይ አጋድማ፣ እሾህ ደርባ፣ ድንጋይ አስደገፈቻቸው። ለእያንዳንዱ ድንጋይ “ቢስሚላህ” ትላለች።

ጋሽ ረዳ ከታች ካለው ማሳቸው፣ “ሐዋ፣ ቢስሚላሂውን ቀንሺ! ውሃው ሁሉ አንቺ ጋ ሊቀር ነው” አሏት።

“አንተም በስመ አብ በል! ማን ከለከለህ?”

“እኔ ብያለሁ፤ ማርያምንም ሚካኤልንም ጠርቻለሁ። የቀረው ደመና ብቻ ነው።”

ተሳሳቁ። እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። አንድ ጨርቅ የምታህል ደመና የለችም።

“አክስቴ፣ ባይመጣስ?” አልኳት።

“ሊቀር ይችላል። አምናም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው” አለች ድንጋይ እያነሳች። “እኔ ግን ሌት ‘ስጠኝ’ ብዬ ለምኜ፣ ጠዋት ቦዬን ካልዘጋሁ አላህ ላይ ቀለድኩ ማለት ነው። አቀብይኝ እስቲ ያንን።”

በመንደሩ ሳር ስለጠፋ ለቡሬ የምትሰጠው የቤቷን የማሽላ አገዳ ነበር። ለማገዶ የሚሆነው እንኳ አልተረፈም። በሬው አልከሳም፤ ከሷ ይልቅ እሱ ሥጋ አለው። ሙሄ የነገረኝ ሌላ፣ ያየሁት ሌላ።

እራት በልተን እጃችንን ስንታጠብ ለምን እንደመጣሁ ነገርኳት። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ፊቷን አላየሁም። ከማሰሮው የሚፈሰው ውሃ ሲቆም ብቻ ሰማሁ።

“ዋጃ ላይ ነጋዴው መቼ ነው የሚጠብቅሽ?”

“ከነገ ወዲያ።”

“በሬው የእናንተ ነው፤ የእህቴ ነው። ትወስጂዋለሽ።” ማሰሮውን መሬት አኖረች። “እንግዲያ ትናንት ስትመጪ አትነግሪኝም? ሰው ሁሉ ፊት አስደሰትሽኝ።”

ይቅርታ ማለት ፈልጌ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም።

“አብሽሪ” አለችኝ፣ እኔን ልታጽናና! “የሰው ነገር ይሰበራል፤ የአላህ አይሰበርም። አንገትሽን አቅኚ።”

ሦስተኛው ቀን

አክስቴ ጠዋት ማጭድ ይዛ ወንዝ ዳር ወረደች። “ቡሬ ሆዱ ሞልቶ ይሂድ፤ ነጋዴው ጎኑን አይቶ እንዳይነቅፈው። አንቺ ለመንገድሽ ቂጣ ጋግሪ፤ ዱቄቱ ማድጋው ውስጥ ነው” አለችኝ።

ዱቄቱን አቦካሁ። ማገዶ የለም። ጓሮውን ዞርኩ፣ ኩበትም የለም። ጎረቤት ሄጄ “ስጡኝ” እንዳልል፣ እኔ ነኝ፤ ሁለት ቤት ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። ከዚያ ሁለቱ ግንዶች ትዝ አሉኝ። ደረቅ ግራር ናቸው፣ ጥሩ ፍም ይወጣቸዋል። ሰማዩን አየሁ። ጥርት ያለ ነው። ደግሞ በሬው ነገ ይሄዳል፤ ጎርፍ ቢመጣስ በምን ታርሳለች? እንዲህ ብዬ ነው ለራሴ የነገርኩት። ሰው ስላላየኝ ድንጋዮቹን ገለል አድርጌ ግንዶቹን ጎትቼ አወጣሁ። እሾሁንና ድንጋዩን ቀድሞ እንደነበረ አስመስዬ መለስኩት። ማስመሰሌን አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይግላል።

ቂጣው አምሮ ወጣ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከምዕራብ በኩል ጉምጉምታ ሰማሁ። የጭነት መኪና መሰለኝ። ከዚያ ጋሽ ረዳ፣ “መጣ! መጣ! ኧረ መጣ!” እያሉ ሲሮጡ አየሁ። በላያችን ሰማዩ አሁንም ሰማያዊ ነው፤ ከሩቅ ያለው ደጋ ግን ጠቁሯል። ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ቅጠልና እንጨት እያገላበጠ ወረደ። ወደዚያው የጋራ ቦይ ገባ። የላይኞቹ ጠጥተው ግድባቸውን ሲያፈርሱ ውሃው ወደ አክስቴ ማሳ መጣ።

እሾሁን እንደ ገለባ ጠርጎት አለፈ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ተንከባለሉ።

አክስቴ የታጨደውን ሳር በጀርባዋ አዝላ እየሮጠች ደረሰች። ባዶውን ቦይ አየች፤ እኔን አየች። እጄ ላይ ዱቄትና አመድ አለ።

“ግንዶቹስ?”

“አነደድኳቸው።”

“ምኑን?”

“ለ… ለስንቄ።”

የቦዩ ደንብ የታወቀ ነው። ግድቡ የፈረሰበት ሰው ተራው አልፎታል፤ ሌላ ጎርፍ ይጠብቃል። ጋሽ ረዳም ከታች ሆነው፣ “ሐዋ፣ ደንብ ደንብ ነው፤ ተራው የኔ ነው!” አሉ። ይህን ሲሉ ግን እስከ ግማሽ አሸዋ የሞላ ሁለት ማዳበሪያ በሁለት ትከሻቸው ተሸክመው ወደ እኛ እየመጡ ነበር።

አክስቴ አልሰደበችኝም። ያዘለችውን ሳር፣ ለቡሬ ስንብት ያጨደችውን ያን ሁሉ ሳር፣ ከጀርባዋ አውርዳ ከነገመዱ ቦዩ ውስጥ ወረወረችው። ከላዩ ራሷ ዘላ ገባችና በጀርባዋ ደገፈችው። “ምን ትቆሚያለሽ? ግቢ!” አለችኝ። ገባሁ። ውሃው እስከ ወገቤ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ይገፋል። ጋሽ ረዳ ማዳበሪያዎቹን በእግራችን ሥር ጣሉ። “ደንብ ደንብ ነው” ይላሉ፤ ተመልሰው ሄደው ሌላ ያመጣሉ። “ተራሽ አልፏል፣ ታውቂያለሽ!”

“አውቃለሁ! ሌላ አምጣ!” ትላለች።

ውሃው ቀስ ብሎ ከፍ አለና ወደ ማሳው ዞረ። የታችኛው ግማሽ ጠጣ። የላይኛው ጋ ሳይደርስ ጎርፉ ጎደለ፤ የቀረውም ለጋሽ ረዳ አለፈ። ግንዶቹ በቦታቸው ቢኖሩ ማሳዋ ሁሉ ይጠጣ ነበር። መካከል ላይ እርጥቡና ደረቁ የተለያዩበት መስመር ይታይ ነበር፤ እኔ የሠራሁት መስመር ነው።

አክስቴ እርጥቡ ላይ ቆማ ጭቃውን በእግሯ ጫን ጫን አደረገችው። “አልሐምዱሊላህ” አለች። ከዚያ ወደ ደረቁ ዞራ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። እንዳዘነች ያኔ ነው ያወቅሁት። እስከዚያ ድረስ አብሽሪ የሚል ሰው የማያዝን ይመስለኝ ነበር።

“አክስቴ” አልኳት። ድምፄ ወጣ። “ቡሬን አልወስደውም።”

“ሙሄስ?”

“እኔ እነግረዋለሁ።”

“አንቺ?” አሉ ጋሽ ረዳ ጢማቸውን እየጨመቁ። “አንቺ ትናገሪያለሽ?” አክስቴ በእንባዋ መሐል ሳቀች።

ወደ ጎብዬ

በማግስቱ ጠዋት አክስቴ ሁለቱን በሬዎች ጠምዳ ወጣች። እኔን ስትሸኝ ቂጣውን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ልተወው ስል፣ “ነዶ አልቋል፤ አሁን አለመብላት ግንዱን አይመልሰውም” አለችኝ። ዋጃ ላይ ነጋዴውን አገኘሁትና በሬው እንደማይሸጥ ነገርኩት። “መንገድ አስመታችሁኝ!” ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። እውነቱን ነው። ቆሜ ሰማሁት። በቆቦ አድርጌ ጎብዬ እስክደርስ ቂጣውን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ እንጂ አልቀመስኩትም።

ሙሄ በር ላይ እንደተውኩት ነበር።

“በሬውስ?”

“እያረሰ ነው።”

ተናደደ፤ ብዙ ተናገረ። ሁሉንም ከሰማሁ በኋላ ስለ ጎርፉ ነገርኩት። ርቦት ስለነበር እየሰማኝ ቂጣውን ቆርሶ ጎረሰ።

“ጥሩ ነው። በምን ጋገርሽው?”

ነገርኩት። ማኘኩን አቆመ። “ምን ያህሉ ጠጣ?” አለ በመጨረሻ።

“ግማሹ።”

“ለግማሹም ቢሆን ጥማድ በሬ ያስፈልጋል” አለና ቂጣውን ጨርቁ ላይ መለሰው። ስለ ሽያጭ ከዚያ ወዲህ አላነሳም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ሰዎች ሲጠይቁኝ አሁንም አፍራለሁ። ሰላቴን እሰግድ ነበር፣ ዱዓም አደርግ ነበር። ግን ደመና ሳላይ ያመንኩበት ቀን አልነበረም፤ አለማመኔም በእጄ ሥራ ታየ። በሚቀጥለው ሰኔ ለቦይ ጠረጋ እሄዳለሁ። ለዚያ ብዬ ከእንጨት ሻጩ ሁለት ወፋፍራም ግንዶች ገዝቼ ግድግዳው ላይ አስደግፌያቸዋለሁ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲታሰሩ ረዳቱ ምን እንደሚለኝ ካሁኑ ይታወቀኛል። ቤታችን ማገዶ ሲያልቅ ዓይኔ ወደ እነሱ ይሄዳል። ያኔ ተነስቼ ጎረቤት እሄድና፣ በር አንኳኩቼ፣ “ትንሽ እንጨት ስጡኝ” እላለሁ።