ለመተዌ ምስክር

ጫቱንና ክኒኑን ስተው ሰዎቼም አብረው ቀሩ። ይህ እንደሚመጣ ማንም አልነገረኝም ነበር።

በደርግ ጊዜ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ። ከአሰብ ወደብ ጭነን፣ ወሎ አራግፈን፣ ማረፊያችን ቃሊቲ ኬላው አጠገብ ነበር። የወሎ ልጅ ነኝ። በዚያ የድርቅ ዘመን የምንጭነው እህል የሚሄደው ወደ አገሬ ሰው ነበርና እረፍት መጠየቅ ያሳፍረኝ ነበር። መጀመሪያ ጫቱ ይበቃኝ ነበር። እያደር እንቅልፌን መግታት ሲያቅተው፣ ሾፌሮች ከወደብ የሚያመጡትን ክኒን ጨመርኩበት። እሱን የዋጠ ሰው ዓይኑ አይከደንም፣ ረሃብም አያውቅም። ብቻዬን ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ምላሴ እስኪደርቅ እያወራሁ እነዳ ነበር።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ሚሌን አለፍ እንዳልን መንገዱ በሰው ተሞላ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ አጥንታቸው የወጣ ፍየሎች። ፍሬን ይዤ ወረድኩና "በአላህ አሳልፉኝ፣ የጫንኩት የናንተው እህል ነው" እያልኩ ለመንኳቸው። ከኋላዬ ይነዳ የነበረው ጓደኛዬ መኪናውን አቁሞ ሮጦ መጣ። የስልጤ ሰው ነው፤ ቃሊቲ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነበር የምንኖረው።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለኝ።

"አታያቸውም እንዴ?"

መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ራሱ መኪና ወሰደኝ። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

አዲስ አበባ ሆስፒታል አስተኙኝ። ስወጣ መንጃ ፈቃዴ ተያዘና ድርጅቱ የመጋዘን ጥበቃ አደረገኝ። ሐኪሙ "ጫቱንም ክኒኑንም ካልተውክ ያየሃቸው ሰዎች ተመልሰው ይመጡብሃል" አለኝ። ተውኩ።

ሐራራው ክፉ ነበር፤ ዱካክ የሚሉት ቅዠትም ብዙ አስጮኸኝ። እነሱ ግን ቀስ በቀስ ለቀቁኝ። ያልለቀቀኝ ከሰዓት በኋላው ነው። ጓደኛዬ ቤት የጫት በርጫው ሲደራ፣ የቃሚዎቹ ሳቅ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን "ና እንጂ፣ ሻይ ጠጥተህ ትሄዳለህ" ይሉኝ ነበር። እጄን ስለማላምነው አልሄድኩም። ኋላ መጥራቱን ተዉት። ንቆን ነው የሚሉም ነበሩ። ጓደኛዬም ግቢ ውስጥ ስንገጣጠም "እንዴት ዋልክ" ብሎኝ ያልፋል። የዒድ ዕለት እንኳ ሥጋዬን ለብቻዬ ጠብሼ፣ በሬን ዘግቼ በላሁ።

በዚህ ሁኔታ እያለሁ ሾፌር አነሰና፣ ድርጅቱ መንጃ ፈቃድህን አስመልስ አለኝ። ከሆስፒታል ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሆስፒታሉ የበሽታውን ስም ከውጭ አገር በመጣ መጽሐፍ እያየ በቁጥር ይጽፋል። የመንጃ ፈቃዱ ሹም ቁጥሩን ከራሱ ወረቀት ጋር አስተያየና "ይሄ ቁጥር አሁንም ሱሰኛ ነህ ነው የሚለው" ብሎ መለሰኝ።

ወደ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሄድኩ። ቁጥሩን የምትጽፈው ሴትዮ በዕድሜ ትበልጠኛለች። መጽሐፉን ገልጣ አየችና፣

"ወንድሜ፣ ለተወ ሰው ሌላ ቁጥር አለው" አለችኝ። "በሽታው ያው ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው አሃዝ ናት የምትለየው። ጋብ ብሏል ማለት ናት።"

"ድኗል የሚለውን ይጻፉልኝ።"

"ድኗል የሚል የለውም። ጋብ ብሏል ነው ያለው። እሱንም ሐኪሙ ካልጻፈው ከራሴ አውጥቼ አልሰጥህም።"

ጋብ ብሏል። ዝናብም ጋብ ሲል ሰው ከተጠለለበት ይወጣል እንጂ ክረምቱ አለፈ አይልም። ቢሆንም እሱኑ ፈልጌ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ።

"መተውህን በምን ልወቅ?" አለኝ።

"እኔ እየነገርኩዎት።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ከማን ጋር ነው የምትኖረው?"

"ብቻዬን።"

"ዘመድ የለህም? አብሮህ የሚውል፣ የሚያይህ ሰው?"

"እንግዲያው የሚመሰክርልህ ሰው ይዘህ ና" አለኝ። ስቅም ምስክሬ ቤት ሙሉ ነበር። ስተው ግን ማንም አላየኝም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ በር ላይ ቆምኩ። የተሰበሰቡት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

"ነገ ሆስፒታል አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አልኩት።

"አመመህ እንዴ?"

"አላመመኝም። አለማመሜን የሚመሰክር ሰው አምጣ ብለውኝ ነው።"

ከመሀላቸው አንዱ ሳቀ። ጓደኛዬ አልሳቀም። "ጠዋት ቀስቅሰኝ" አለኝ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ሄድን። ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ፣

"ሲቅም አይተኸዋል?" ብሎ ጠየቀው።

"ከታመመ ወዲህ አላየሁትም።"

"ተደብቆ ቢቅምስ በምን ታውቃለህ?"

ጓደኛዬ ኮፍያውን አወለቀ። "ዶክተር፣ እኔ ስለሱ የማውቀው እንደማይመጣ ነው" አለ። "የሚለየን ግድግዳ ብቻ ነው። እኛ ስንጫወት ይሰማል። አንዳንድ ቀን በሩን ሲከፍት እሰማና መጣ እላለሁ፤ እግሩ ግን ወደ ውጭ ይሄዳል። እስከ ኬላው ሄዶ ብቻውን ይመለሳል። የቃመ ሰው እንደዚያ ብቻውን አይዞርም፣ ሰው ይፈልጋል። ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ እስከ ዛሬ ለማንም አልሰጠሁም።"

ግድግዳው ላይ ጆሮዬን የጣልኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ሐኪሙ ካርዴን ስቦ ጻፈ፤ ካርድ ክፍል ያለችውም ሴትዮ ቁጥሩን ለውጣ "እንኳን ደስ ያለህ" አለችኝ።

ቃሊቲ ስንወርድ ጓደኛዬ ጫት መሸጫው ጋ ቆመ።

"አልጠራህም" አለኝ።

"አትጥራኝ።"

"እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው።"

"አልቀየምህም።"

እጄን ጨበጠኝና ጫቱን መምረጥ ጀመረ። እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

መንጃ ፈቃዴ ተመለሰልኝ፤ ለረጅም መንገድ ግን አላመኑኝም። የውኃ ቦቴ ሰጡኝና ቀን ቀን ለፋብሪካዎቹ ውኃ ማመላለስ ያዝኩ። ጓደኛዬ የአሰብ መንገዱን ቀጠለ። አንዳንዴ ኬላው ላይ ስንተላለፍ በቀን ብርሃን መብራቱን ብልጭ ያደርግልኛል፤ እኔም ብልጭ አደርግለታለሁ። ከዚያ ከተሳቢው የሚነሳው አቧራ እስኪረግፍ መስኮቴን ዘግቼ እነዳለሁ።