አሮጌው ገመድና መምህርት ሲዮምቡዋ

ይህን ደብተር እዩት። የልጄ የንቴንያ ነው፤ አራተኛ ክፍል ናት። ጠርዙን ፍየል ቀምሶታል። ከገጹ ግርጌ «የታሪኩ ጭብጥ ምንድን ነው?» ይላል። ከሥሩ በእርሳስ «ገመዱን የያዘ ሰው ውሃ አይጠማውም፤ ስለዚህ አይቸኩልም» ብላ ጽፋለች። በላዩ ላይ ወረቀቱን እስኪቀድ የተጫነ ቀይ ኤክስ አለ። ኤክሱን ያደረገችው ግን መምህርቷ አይደለችም።

መምህርቷ ሲዮምቡዋ ትባላለች። ከሙዊንጊ ከተማ ወዲያ ባለችው መንደራችን፣ ዝናብ በዓመት ሁለቴ ቃል ገብቶ አንዴ በሚመጣበት አገር፣ አሥራ አንድ ዓመት አስተምራለች። የቀጠራት መንግሥት ሳይሆን የወላጅ ኮሚቴው ነው። ኮሚቴ የቀጠረውን ኮሚቴ ያባርራል፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ ያለ አባት የምታሳድጋቸው ሁለት ልጆቿም ያውቃሉ።

ሌሎቹ መምህራን ጭብጥ እንዴት እንደሚያስተምሩ ልንገራችሁ። የመለማመጃው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ መልሱ ታትሟል። እሱን ሰሌዳ ላይ ይገለብጡታል፤ ልጆቹ «መታዘዝ! መታዘዝ!» እያሉ በዜማ ይሉታል። ታሪኩ የሚነበበው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ጊዜ ከተረፈ። በቀቀን እንኳ እንዲህ ቢያስተምሩት ያፍራል።

ሲዮምቡዋ የመልሱን ገጽ ከመጽሐፎቹ ሁሉ ቀድዳ አወጣችው። ታሪኩን ሁለቴ ታነባለች። «የሆነውን አትንገሩኝ፤ እሱንማ ሰማሁት። ታሪኩ ስለ ሰው ምን ይላል?» ትላለች። አንዱ ሲመልስ፣ «እሺ፣ ጣትህን አስቀምጥ። እንዲህ ያሰኘህ የቱ መስመር ነው?» መስመር ያጣ ሐሳቡን ይቀይራል። ዘዴዋ ይኸው ነው። ዲግሪ ያላቸው ያላገኙት ጥበብ ይህ ነበር፤ አንድ ጣት!

የዚያን ሳምንት ታሪክ አጭር ስለሆነ እንዳለ ላስቀምጠው። አንድ ሽማግሌ የመንደሩን ጉድጓድ ገመድ ይጠብቃል። ያለ እሱ ፈቃድ ማንም አይቀዳም። እኩለ ቀን ላይ ተኝቶ ሳለ፣ እናቷ የታመመችባት ልጅ ገመዱን ወስዳ ባልዲ ሰደደች። ገመዱ አርጅቶ ነበርና ተበጠሰ። ሽማግሌው ነቅቶ ተቆጣት። ከቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አዲስ ገመድ አምጥቶም ለራሱ ቀዳ። ልጅቷ እያለቀሰች ባዶ እጇን ተመለሰች። አለቀ።

የተቀደደው የመልስ ገጽ «ልጆች ታላላቆቻቸውን መታዘዝ አለባቸው» ይላል። ንቴንያ ግን ጣቷን «አዲስ ገመድ» የሚለው ላይ አስቀምጣ፣ «አዲስ ካለው ለምን በአሮጌው ያስቀዳል?» አለች። አርባ አንዱም ልጆች፣ ሁሉም በየራሱ ቃል፣ ይህንኑ ጻፉ።

ወሬው የኮሚቴው ሊቀመንበር ሙቴንጊ ዘንድ ደረሰ። የመንደሩ ቦኖ ቁልፍ እሱ አንገት ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ ጀሪካኖቻችን ተሰልፈው ይጠብቁታል። ማንም ስሙን አልጠራም፤ እሱ ግን «አቤት» አለ።

ዓርብ ጠዋት ወላጆችን በአራተኛ ክፍል ልጆቻችን ፊት ሰበሰቡን። ዳይሬክተሩ ኪቴካ፣ ሊቀመንበሩ ሲያስነጥሰው መሐረብ የሚያወጣው ሰው፣ ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ቆልሎ ለሲዮምቡዋ ቀይ እስክሪብቶ ዘረጋላት።

«መምህርት፣ ሁሉንም ኤክስ አድርጊና ትክክለኛውን መልስ ጻፊበት። ካልሆነ ሰኞ አትምጪ።»

«እሺ፣ ዳይሬክተር። መጀመሪያ ግን ጣትዎን ያስቀምጡልኝ። መታዘዝ የሚለው የቱ መስመር ነው?»

«እኔ ተማሪሽ ነኝ እንዴ?»

«ቢሆኑማ ይሻልዎት ነበር።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን በሻርፗ አፈነችው። ሙቴንጊ ተነሣ።

«ስሚ፣ ሙዋይቱ» አለ። ሙዋይቱ እኛ ዘንድ «እናታችን» ማለት ነው፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ስድብ ይመስላል። «ልጆቹን እንዲያነቡ ነው የላክናቸው። እንዲያስቡ ማን አዘዘሽ?»

«ሳያስቡ የሚያነቡትማ ሞልተዋል» አለች። «ንቴንያ፣ ነይ እስቲ። ጣትሽን አሳዪን።»

ልጄ ሄደች። ጣቷን አስቀምጣ መስመሩን ጮክ ብላ አነበበች። ቀና ብላም ሊቀመንበሩን፣ «አባባ፣ እርስዎስ የት ላይ ያስቀምጣሉ?» አለችው። የእሱ ጣት ወደ መጽሐፉ አልሄደም። አንገቱ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ።

ሁላችንም አየን።

«መምህርቷ ትቆይ የሚል እጁን ያውጣ!» ብሎ ኪቴካ ጮኸ። ስልሳ ወላጆች ነበርን። ስልሳ ጥንድ ጫማ ስናይ ቆየን። የእኔም እጅ ጭኔ ሥር ነበረች፤ ምክንያቱም እኔም ጀሪካን አለኝ። ፈሪ ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም፤ የእኛ ሃያ ሊትር ይይዛል።

ሲዮምቡዋ እስክሪብቶውን ሳትነካው ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። አርባ አንዱንም ደብተር ኤክስ ያደረገው ኪቴካ ራሱ ነው፤ ከምሳ በፊት ጨርሶ ሙቶኮዩን፣ ያንን የተፈተገ በቆሎ፣ ከነባቄላው ጥርግ አድርጎ በላ። ልጄ ጥላኝ ቀድማ ወደ ቤት ሄደች። ጀሪካኗን ይዛ ቦኖው ዘንድ ተሰለፈች፤ ተራዋ የመጨረሻው ነበር።

ዛሬ አራተኛ ክፍል እንደገና በዜማ ይጮኻል። ሲዮምቡዋ ሙዊንጊ ገበያ ማሾ ትሰፍራለች።

ታሪኩን ከላይ አስቀምጬላችኋለሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። አጠገባችሁ ልጅ ካለ አንብቡለት። ስለ ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ እስኪመልስ ድረስም፣ እባካችሁ፣ አፋችሁን ዝጉ። ከዚያ ጣቱን የት እንዳስቀመጠ ጻፉልኝ። ለመምህርቷ እኔ አደርስላታለሁ፤ ቢያንስ ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ።