የገበያ ቀን የጠፋው ሲስተም

አባቴ ስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ከሮብ ገበያ ከተማ ደብረ ማርቆስ ድረስ በጉሮሯቸው የሚያሰሙ ነው የሚመስላቸው። ያን ረቡዕ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሲስተም የለም አሉን» አሉኝ።

አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውንም ሞራ እየጋረደው ነበር። ሞራ የሚያወጡ ሐኪሞች ለዘመቻ ደብረ ማርቆስ መጥተዋል፤ የሚቀበሉት ግን እንደ ሮብ ገበያው ባለ የወረዳ ጤና ጣቢያ ታይቶ፣ ከሲስተሙ የካርድ ቁጥር ወጥቶለት የተላከውን ሰው ብቻ ነው። ወደ እኛ ቀበሌ ደግሞ መኪና የሚመጣው በገበያ ቀን፣ ረቡዕ ብቻ ነው። ለአባቴ የቀረችላቸው ያቺው ረቡዕ ነበረች፤ ለሚቀጥለው ሐኪሞቹ አይኖሩም።

ኧረ በማርያም! ሲስተሙ የሚሠራባቸውን የጤና ጣቢያዎቹን ሰርቨሮች ከደብረ ማርቆስ ሆነን የምናስተዳድረው እኮ እኛ ነን። የለም የተባለው ሲስተም እኔ ፊት ለፊት ነው ያለው።

በዚያ ሰሞን አለቃችን፣ «አፕዴት ሲጫን ሰርቨሩ ስለሚዘጋ፣ በየከተማው የገበያ ቀን እንዳትነኩት። ገበሬው ጉዳዩን የሚጨርሰው ያን ቀን ነው» ብለው አዘዙ። እውነታቸውን ነው። ሥራውን በራሱ እንዲያካሂድ ኮዱን የጻፈው አጠገቤ የሚቀመጠው የይጁቤ ልጅ ነው፤ የገበያ ቀን የሚነግረው አይፈልግም። በአንድ ዝርዝር ከተሞቹን፣ በሌላው ጭር የሚሉበትን ቀን አሰፈረ፤ ለሮብ ገበያ ሐሙስ፣ ለይጁቤ ረቡዕ፣ ለመርጡለ ማርያም ሰኞ። ሁለቱን ዝርዝሮች ሲያገናኝ ግን አንዱን ሉፕ፣ ማለትም የሚደጋገም ትእዛዝ፣ በሌላው ሉፕ ውስጥ ከተተው። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ ለየከተማው የራሱን ቀን አይሰጥም። ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ሁሉንም በየተራ ሳይጨብጥ አያልፍም፤ እያንዳንዱ ከተማ እያንዳንዱን ቀን ይወስዳል። የይጁቤ ረቡዕ ለሮብ ገበያም ደረሰ።

ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝኩ ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ንድድ አልኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው የሠራኸው?»

«ጥንድ ጥንድ ይሆናል ብዬ እኮ ነው ያሰብኩት» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማሰብህ ምን ያደርግልኛል? ማሽኑ የሚሠራው የጻፍክለትን ነው!»

አፕዴቱ መሃል ላይ ደርሶ ነበር። እንዳናቋርጠው የታካሚዎቹ መረጃ ይበላሻል፤ እንዳንተወው ኔትወርኩ ይንፏቀቃል። የጤና ጣቢያውን መዝጋቢ በአባቴ ስልክ አስጠርቼ፣ «እባክሽ ለጊዜው በወረቀት መዝግቢልኝ» አልኳት። «ያለ ካርድ ቁጥር ሐኪሞቹ ይመልሷቸዋል፣ እኅቴ። እኔስ ምን ላድርግ?» አለችኝ። እሷም አልዋሸችም።

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ይመጣል» አልኳቸው።

«ግድ የለም፣ መኪናው እስኪነሣ እዚሁ ነኝ።»

የይጁቤው ልጅ ምሳም አልበላ፣ እኔም አልበላሁ። ከሰዓት በኋላ፣ «ተነሣ! ሰርቨሩ ተነሣ!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። ደወልኩ። በስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታና የሞተር ድምፅ ይሰማል። አባቴ መኪናው ላይ ወጥተው ወደ ቤታቸው ጉዞ ጀምረዋል። ይውረዱ ብላቸው ማን ይመልሳቸዋል፣ የትስ ያድራሉ? ስልኩን ዘጋሁት። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ የይጁቤው ልጅ የሚገባበት ጠፋው።

ኮዱን ያኑ ዕለት አስተካከለው፣ እኔም ደግሜ አየሁለት። ለአንድ ከተማ አንድ ቀን። ሐኪሞቹ በሳምንቱ መጨረሻ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።

በቀጣዩ ረቡዕ የሮብ ገበያን ሰርቨር ማንም አልነካውም። አባቴ ደወሉ፤ እንደ ድሯቸው እየጮኹ ነው።

«ዛሬስ ሲስተም አለ!»

«አባባ፣ ሐኪሞቹ እኮ ሄደዋል። ነግሬዎት አልነበር?»

«አውቃለሁ። ለሌላ ጊዜ ይሆነኛል ብዬ ተመዘገብኩ። ይልቅ እሑድ ብቅ በይ እስቲ፣ ልጄ። ዓይኔ ገና ትንሽ ትንሽ ያያል፤ ሳይጠፋ ፊትሽን ልየው።»