የማንደፍሮ አውራ ጣት

የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከመዋዕለ ሕፃናት የጭቃ ብርቱካን ሠርታ አመጣችና መስኮቴ ላይ አስቀመጠችው። ሲደርቅ ቀለም ልትቀባው ነው። አንሥቼ ሳገላብጠው አውራ ጣቷ ያረፈበት ጎድጓዳ ቦታ ለቀኝ ጣቴ አልመች አለኝ፤ የግራው ግን ልክክ አለ። በየትኛው እጅሽ ሠራሽው ብላት ግራዋን አሳየችኝ። መነጽር የምፈልግ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ በጭቃ ብርቱካን የሚደነግጥ ሽማግሌ ማየት ለማንም ደስ አይልም።

በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከጋይንት ወርጄ ሱዳን ድንበር ላይ ካለችው ኮኪት አጠገብ የማሽላ ጠባቂ ሆኜ ነበር። እዚያ ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ የሚባለው ወፍ ሰማዩን ሸፍኖ ይመጣል። ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ የሚያባርር ሰው ከሌለ የሚተርፈው አገዳው ብቻ ነው። ጥቁሩ አፈር ድንጋይ ስለሌለው የምንወረውረው ራሳችን አድቦልቡለን፣ በአውራ ጣት ጫን አድርገን፣ በፀሐይ ያደረቅነውን ጭቃ ነበር።

ባልንጀራዬ ማንደፍሮ ከሳንጃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለ እርሻ ሁሉ የሚሻማበት ግራኝ ነበር። የሚወረውረው ጭቃ እኛ ቀኞቹ ከምንወረውርበት አቅጣጫ ስለማይመጣ ወፉ መሸሻው ይጠፋዋል። ያቺን እጁን እንደ አራስ ነበር የሚጠብቃት። በሰሊጥ ዘይት አሽቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ይተኛል፤ ባልዲ እንኳ አያነሣባትም። እኔ እስቅበት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እቀናበት ነበር።

የቀጠሩን ወይዘሮ ዘሃራ ኮኪት ላይ ሱቅ የነበራቸው መበለት ናቸው። እንደ ደንባችን የመጀመሪያውን እሸት ጠብሰው ለሁለታችንም በእጃቸው አበሉን። ያንን የበላ ጠባቂ የመጨረሻው ዘለላ እስኪቆረጥ እርሻውን አይለቅም።

ኅዳር ሲገባ ለውትድርና የሚሄዱ ሰዎች ስም ዝርዝር ወጣ፤ ማንደፍሮም ነበረበት። በማግስቱ የእርሻውን ምዕራብ የሚጠብቅበት ማማ ባዶ ሆነ። ሱዳን ተሻገረ ተባለ፤ እኔም አመንኩ። ብቻዬን ሁለቱን ወገን ስለማልችል በእሱ በኩል ያለው ማሽላ አለቀለት ብዬ ቁጭ አልኩ።

አላለቀም። ግሪሳው ከምዕራብ እየጮኸ መጥቶ ባዶው ማማ ጋ ሲደርስ እጥፍ ብሎ ይመለሳል። የወንጭፍ ድምፅ የለም፤ ሰው አይታይም። በሦስተኛው ቀን ወርጄ ስፈልግ ከአገዳው ሥር ድቡልቡል ጭቃ አገኘሁ። ጎድጓዳው ውስጥ የቀኝ ጣቴን ባስገባ እምቢ አለ፤ የግራው ገባ። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ወሬ መያዝ አልችልም ነበርና ምሳ ሰዓት ኮኪት ሻይ ቤት ወርጄ ለቀን ሠራተኞቹ አወራሁት። ማንደፍሮ ድንበር ላይ ሞቷል፣ መንፈሱ እርሻውን ይጠብቃል አልኩ። ያላየሁትንም ጨመርኩበት። ከጎጃም የመጡት ልጆች አማተቡ። ጥግ ላይ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ ሻይ የሚጠጣ ሚሊሻ ግን አላማተበም፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ጭቃው እርጥብ ነበር?»

«እርጥብ ነበር እንጂ» አልኩ፣ ስላመነኝ ደስ ብሎኝ።

የሞተ ሰው ጭቃ እንደማያቦካ የገባኝ ወደ ማማዬ ስመለስ መንገድ ላይ ነው። ሮጬ ደረስኩ፤ ሚሊሻዎቹ በመኪና ቀድመውኛል። ማንደፍሮን ከእርሻው ጥግ ካለው ቦይ ውስጥ አወጡት። ወንጭፍ ስለሚጮኽ በባዶ እጁ ነበር ሲወረውር የሰነበተው። ግራ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር፤ ያቺኑ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘው አሰሩት። ወይዘሮ ዘሃራ ድንበሩ እዚሁ እያለ ለምን አልተሻገርክም ብለው አለቀሱ።

«እሸትዎን በልቼ ወዴት ልሂድ፣ እትዬ?» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በእኔ በኩል ያለውን አደራ» አለኝ። ማን እንደተናገረ አልጠየቀም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ ማማ ላይ ቆምኩ፤ አንድም ቀን ግን አልወረወርኩም። ግሪሳው እኔ ወንጭፌን ሳላነሣ እጥፍ ብሎ ይመለስ ነበር። ቦዩን ፈተሽኩ፤ ከእኔ ዱካ በቀር ዱካ የለም። ጠዋት ጠዋት ግን ከአገዳው ሥር እርጥብ ድቡልቡል አገኛለሁ፤ የግራ ጣቴም ልክክ ይላል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። አጨዳው ሲያልቅ ወይዘሮ ዘሃራ ከማማው ሥር አንዲት ዘለላ ሳትቆረጥ ትቅር አሉ። «እሱ መጥቶ ይቁረጣት» አሉ። አልመጣም፤ ዘለላዋም ሳትቆረጥ ቀረች።

ትናንት ጎረቤቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ የልጅቷን ብርቱካን ከመስኮቱ አነሣ። ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ነው። ጣቱን አየና ሱሪው ላይ ጠረገው።

«ይሄ ነገር ገና እርጥብ ነው እንዴ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት። ያን ጊዜ ኮኪት ላይ ለሚሊሻው ይህችን ብመልስለት ኖሮ በቂ ነበር።